ቀይ ቀበሮና የዘረመል ምስክርነት

በባሌ ተራሮች፣ በወይብ ሸለቆ የሚኖሩ አንዳንድ ቀይ ቀበሮዎች መልካቸው ተመራማሪዎችን ያጠራጥር ነበር። አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ደንደን ያለ ነው፤ የፀጉራቸው ቀለምም ከሌሎቹ ይለያል። ከእረኞች ውሾች ተዳቅለው ይሆን? መልክ ብቻውን ይህን አይፈታውም። ዳዳ ጎቴሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት ግን ጥያቄውን ወደ ቤተ ሙከራ ወሰደው።

ስልቱ ብልሃት ነበረው። የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው፤ ማይክሮሳተላይት የተባሉት የዘረመል ምልክቶች ደግሞ የእናትንም የአባትንም ወገን ይመሰክራሉ። የተጠረጠሩት እንስሳት በእናት በኩል ቀይ ቀበሮ ሆነው ተገኙ። በሁለተኛው ምልክት ግን ሌሎች ቀይ ቀበሮዎች የሌሏቸው፣ ውሾች ያሏቸው ቅርጾች ታዩባቸው። እናትየዋ ቀበሮ፣ አባትየው ውሻ ነበር ማለት ነው። እዚያው ባሌ ውስጥ ባለው የሰነቲ አምባ ግን ዲቃላ አልተገኘም።

ለምን ሴቷ? መልሱ በቀይ ቀበሮ ጠባይ ውስጥ አለ። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ፍልፈልና አይጥ የሚያድነው ግን ለብቻው ነው። በርቢ ጊዜ ሴቷ የራሷን መንጋ ወንዶች ብዙም አትሻም፤ በባሌ በዓይን ከታዩት ግንኙነቶች 70 በመቶ ያህሉ ከጎረቤት መንጋ ወንዶች ጋር ነበሩ። ከወንድምና ከአባት ጋር እንዳትዋለድ የሚጠብቃት ይኸው ጠባይ፣ የቀበሮ ወንድ ባነሰበትና ውሻ በበዛበት ሸለቆ ለውሻው በር ይከፍታል።

የዘረመል ምርመራ ወደ ኋላም ያሳያል። ቀይ ቀበሮ የውርጭ ምድር እንስሳ ነው። በበረዶ ዘመን ቅዝቃዜው ወደ ቆላው ሲወርድ መኖሪያው ሰፊ ነበር፤ አየሩ ሲሞቅ ወደ ተራሮቹ ጫፍ ተሰበሰበ። ቀጥሎ እርሻና ግጦሽ ከታች ገፉት። ዛሬ የቀሩት አዋቂዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የጎቴሊ ቡድን ቆየት ብሎ የ72 ቀበሮዎችን ናሙና ሲመረምር ሦስት ወገን ለየ፦ አርሲና ባሌ፣ ወሎና ሸዋ፣ ሰሜን ተራሮችና ጉና። የመጀመሪያውን ከሌሎቹ የሚለየው ስምጥ ሸለቆ ነው። በተራሮቹ መካከል የዘር ልውውጥ እምብዛም አልታየም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ደግሞ የአሥር የባሌ ቀበሮዎችን ሙሉ ጂኖም አነበበ። ብዝኃነቱ እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ ለማነጻጸሪያ ከቀረቡት የሰሜን አሜሪካ ተኩላዎችም፣ ከውሻ ዝርያዎችም ያንሳል። ይሁንና የዚህ ምክንያቱ የቅርብ ጊዜ የዘመድ መዋለድ አይደለም፤ ቁጥራቸው ለረጅም ዘመን አነስተኛ ሆኖ መቆየቱ ነው።

በሁለቱ ምክንያቶች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ፑማ ቁጥሩ ወደ 20 እስከ 30 ወርዶ፣ በዘመድ መዋለድ ጅራቱ የተቆለመመ፣ ልቡ የታመመ ግልገል መውለድ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ስምንት ሴት ፑማዎች ከቴክሳስ ተወስደው ተለቀቁ፤ ቁጥሩም በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ይህን አይቶ የባሌን ቀበሮ ሰሜን ተራሮች ላይ እንልቀቅ የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል። ዘዴው እዚህ እንዳለ አይሠራም። በሺህ ዓመታት የተለያዩ ወገኖችን መቀላቀል የየተራራውን ልዩ ውርስ ሊያጠፋ ይችላል። ማዛወር ግድ ከሆነ በአንድ ወገን ውስጥ፣ ለምሳሌ ከወሎ ወደ ሸዋ፣ ቢሆን ይሻላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን በሽታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991ና በ2003 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በመታቸው መንጋዎች ከአራቱ ቀበሮዎች ሦስቱን ያህል ገድሏል። ከዚያ ወዲህ ዲስቴምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ተከትሏል። የቀጭኑን ብዝኃነት ክር የሚበጥሰው እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ነው፤ መከላከያው ደግሞ በተራሮቹ ዙሪያ ያሉትን ውሾች በየጊዜው መከተብና እንዳይባዝኑ መያዝ ነው። የሚያሳዝነው፣ በጀቱም የሕዝብ ዓይንም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሌ ያዘነብላል፤ ሆኖም የመንዝ ጓሳና የሰሜን ተራሮች ቀበሮዎች ጥቂት ቢሆኑም የተለየ ውርስ የያዙ ናቸው። በየትኛውም አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ለመጠባበቂያ የሚረባ ቀይ ቀበሮ ስለሌለ፣ ከእነዚህ ተራሮች አንዱ ላይ የጠፋ ዘር የሚተካበት ሌላ ምንጭ የለም።