የ«ኒው ኧርባኒዝም» የመኖሪያ መንደሮች፦ የፕላን ዓላማና በተግባር የታየ ውጤት

«ኒው ኧርባኒዝም» በመባል የሚታወቀው የከተማ ፕላን አስተሳሰብ በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋውን፣ በመኪና ላይ የተመሠረተና መኖሪያን ከሥራና ከንግድ ቦታ የነጠለ የከተማ ዳርቻ አሰፋፈር ለማረም የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጸደቀው ቻርተር መሠረት ሱቅ፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ለመኖሪያ ቅርብ ሊሆኑ፣ መንገዶች ለእግረኛ ሊመቹ፣ የሕዝብ ትራንስፖርት የመኪና ጥገኝነትን ሊቀንስና የተለያየ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች በአንድ ሰፈር ሊኖሩ ይገባል።

ሲሳይድ፣ ፍሎሪዳ

በአርክቴክቶቹ በአንድሬስ ዱዋኒና በኤልዛቤት ፕላተር ዛይበርክ ታቅዶ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በ32 ሄክታር ገደማ መሬት ላይ የተገነባ የባሕር ዳር መንደር ነው። ጠባብ መንገዶቹ፣ በረንዳዎቹና አደባባዩ በፕላኑ መሠረት ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ የመንደሩ ተፈላጊነት የቤቶችን ዋጋ እጅግ በማናሩ ብዙዎቹ ቤቶች ለዕረፍት እንግዶች የሚከራዩ ሆነዋል። ስለዚህ የንድፉ መሳካት ራሱ ለቋሚ ነዋሪዎች ስብጥር እንቅፋት ሆኗል።

ሴሌብሬሽን፣ ፍሎሪዳ

በዋልት ዲዝኒ ኩባንያ የተገነባው ይህ ከተማ የመጀመሪያ ነዋሪዎቹን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በዓይነትና በስፋት የተለያዩ ቤቶች ጎን ለጎን ቢሠሩም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆኑ ቤቶች በፕላኑ አልተካተቱም። በመሆኑም ስብጥሩ በቤት ዓይነት እንጂ በገቢ ረገድ ዓላማውን አልመታም።

ፓውንድበሪ፣ እንግሊዝ

በዶርቼስተር ከተማ ዳርቻ፣ በኮርንዋል ዱቺ ይዞታ ላይ፣ በሌዮን ክሪየር ፕላን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የተገነባ ነው። ከቤቶቹ 35 በመቶ ያህሉ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚቀርቡ ሲሆን፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው የተሠሩና በውጫዊ ገጽታቸው የማይለዩ ናቸው። ፋብሪካዎችና ቢሮዎችም በመኖሪያዎቹ መካከል ይገኛሉ። ያም ሆኖ የነዋሪዎቹ የመኪና ተጠቃሚነት እንደታሰበው አልቀነሰም። ሥራ በአቅራቢያ መኖሩ ነዋሪው በዚያው መቀጠሩን አያረጋግጥምና።

ከልምዶቹ የሚወሰድ ትምህርት

ከሦስቱ ምሳሌዎች እንደሚታየው መንገድን፣ አደባባይንና የሕንፃ ገጽታን የሚመለከቱት ግቦች በአብዛኛው ተሳክተዋል። እነዚህ በንድፍና በግንባታ ደንብ ሊወሰኑ የሚችሉ ናቸው። የገቢ ስብጥርና የመኪና ጥገኝነትን መቀነስ ግን በሥዕል ብቻ አይገኙም። የመጀመሪያው ከዋጋ ንረት የሚከላከል አስገዳጅ የቤት ድርሻን፣ ሁለተኛው አስተማማኝ የሕዝብ ትራንስፖርትን ይጠይቃል። በፓውንድበሪ የገቢ ስብጥሩ በተሻለ ሁኔታ የተገኘው ድርሻው አስቀድሞ በመወሰኑ ነው።

ስለሆነም አንድን የመኖሪያ መንደር ፕላን ለመመዘን የመንገዱንና የሕንፃውን ውበት ማየት በቂ አይደለም። ቤቶቹ ከዓመታት በኋላ በማን አቅም የሚገዙ ወይም የሚከራዩ እንደሚሆኑ፣ ነዋሪው ወደ ሥራው በምን እንደሚጓዝ፣ እንዲሁም እነዚህን ግቦች የማስፈጸም ኃላፊነት የማን እንደሆነ በፕላኑ ውስጥ በግልጽ መመለስ ይኖርበታል።