የተኛው ፖሊስ፦ ዝቅ ያለች መኪና እና የባምፐር ታሪክ

ዛሬ ታሪክ ነው የማወራችሁ፤ ግን ከንጉሥና ከጦርነት አልጀምርም። የምጀምረው ከእናቴና ከአንድ ድፎ ዳቦ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ነው፣ ሰንበት ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል። የአክስቴ ልጅ ሊወስደን ቂርያት ሞሼ መጣ። መኪናው ሆንዳ ሲቪክ ናት፤ ሞላዋ ተቀይሮ ዝቅ ብላለች፣ ዙሪያዋን ቦዲ ኪት ለብሳለች። እናቴ ዳቦዋን በጨርቅ ጠቅልላ ወጣች፣ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ምነው ልጄ፣ የመኪናህን እግር ማን ቆረጠው?» አለችው። ሳቅን።

ብዙም ሳንሄድ የመጀመሪያው ባምፐር መጣ። ባምፐር ስል መንገድ ላይ ያለውን ጉብታ ነው፣ አዲስ አበባ «ስፒድ ብሬከር» የሚሉትን። አራት ሰው ተጭኗል፣ መኪናዋ ከብዳለች፤ ከሥራችን «ክርርርር» የሚል ድምፅ ሰማን። ሁለተኛው ላይ ልጁ ቆመ፣ አፍሮ ዞረና፣ «አክስቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ይወርዱልኛል?» አላት። እናቴ ዳቦዋን ታቅፋ ወረደች፣ ባምፐሩን በእግሯ ተሻገረች፣ ማዶ ቆማ ጠበቀችን። መኪናዋ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ ከአንድ ጎማ እየቀደመ፣ ቀስ ብላ አለፈች። እናቴ ተመልሳ ገባችና ምን አለች? «ሱዳን ድረስ በእግሬ መጣሁ፤ ኢየሩሳሌም ከደረስኩ በኋላም በእግሬ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ባምፐሩን ማን አመጣው? መኪናን ዝቅ ማድረግንስ ማን ጀመረው? ስፈልግ የሁለቱ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ ተገናኘብኝ፤ የተገናኙበት ቦታ ደግሞ እኛን ይመለከታል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እሺ፣ መጀመሪያ ባምፐሩ። በ1906 አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ጀርሲ፣ ቻተም በምትባል ከተማ የእግረኛ ማቋረጫዎቹን 13 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አደረጓቸው፤ የሚበሩትን መኪኖች ለማብረድ። ያኔ መኪና ራሱ ገና ልጅ ነበር። በ1953 ደግሞ አርተር ኮምፕተን መጣ። ኮምፕተን በ1927 በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው። ሴንት ሉዊስ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆኖ ሳለ፣ በግቢው መኪና ሲበር አላስችል አለውና ራሱ ጉብታ ነደፈ። የዋይዝማን ኢንስቲትዩት ጎረቤት ሆነን ያደግን የሬሆቮት ልጆች ይሄን ማወቅ አለብን፦ ሆዳችንን የሚፍቀው ነገር የኖቤል ተሸላሚ እጅ አለበት።

ከዚያ በ1973 እንግሊዝ ውስጥ ዋትስ የሚባል ተመራማሪ ብዙ ዓይነት ጉብታ ሞክሮ፣ 3.7 ሜትር ርዝመት እና 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ክብ ጉብታ ጥሩ ነው አለ። ይሄ ልክ በብዙ አገር መነሻ ሆነ። አሁን ዝቅ ያለች መኪና ያላችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል 2.6 ሜትር ያላት መኪና የዋትስ ጉብታ መሃል ላይ ስትደርስ፣ አራቱም ጎማዎች ገና ጉብታው ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ሆዷ የሚያጣው 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ጉብታው አጭር ሲሆን ግን የፊቱ ጎማ ወርዷል፣ የኋላው አልወጣም፣ ሆዷ 10ሩንም ሴንቲሜትር ያጣል። ስለዚህ ፈተናው ከፍታው ብቻ አይደለም፣ ማጠሩም ነው። በሰያፍ የምንሄደውም ለዚህ ነው፦ ጎማዎቹ በየተራ ስለሚወጡ ሁልጊዜ አንዱ መኪናዋን ደግፎ ይይዛታል፤ የፊቷም ከንፈር ቀጥታ አይላተምም። ብቻ በሰያፍ ስትሄዱ መስታወት እዩ፣ ከጎን ብስክሌት ወይ ኮርኪኔት ይመጣል።

ስሙ ደግሞ ይገርማል። እንግሊዞች ባምፐርን «የተኛ ፖሊስ» ይሉታል። ሩሲያኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ፤ «ሌዣቺ ፖሊትሴይስኪ» ይሏችኋል፣ የተጋደመ ፖሊስ ማለት ነው። ይቺን ስም ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ዝቅ ያለችው መኪና። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች አሮጌ መኪና ገዝተው ያስውቡ ነበር። ሌሎች ወጣቶች ፍጥነት ሲያሳድዱ፣ እነሱ የመረጡት ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ መሄድን ነው፤ መኪናው እንዲታይ፣ ሰው እንዲታይ። የኛ ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚለው። መጀመሪያ ከኋላ የአሸዋ ከረጢት ይጭኑ ነበር፣ ከዚያ ሞላ መቁረጥ ጀመሩ። በ1958 የካሊፎርኒያ ሕግ መጣ፦ ከጎማ በስተቀር ማንኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው ታችኛ ጫፍ በታች እንዳይወርድ። ወረቀቱ ላይ የማንም ሕዝብ ስም የለም። መንገድ ላይ ግን ፖሊስ ማንን እንደሚያስቆም ሁሉም ያውቅ ነበር።

በ1959 ሮን አጊሬ የሚባል ወጣት መፍትሔ አገኘ። የሃይድሮሊክ ፓምፕና ቫልቭ ኮርቬት መኪናው ላይ ገጠመ። ማብሪያውን ሲጫን መኪናው ከፍ ይላል፣ ሕጋዊ ነው። ፖሊሱ ሲያልፍ ዝቅ ይላል፣ ቆንጆ ነው። ባምፐርም ሲመጣ ከፍ! አሁን በቪዲዮ የምታዩት የሚዘል መኪና ሁሉ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሌላ ዓለም ልውሰዳችሁ፣ ወደ ፎርሙላ 1። ምክንያቱም ቦዲ ኪታችን ጎኑ ላይ ያለው «ቀሚስ» ብዙ ነገሩን ከውድድር መኪና ነው የወረሰው። በ1977 ሎተስ መኪናውን ቀሚስ አለበሰው። ቀሚሱ አየሩን ከሥር ዘግቶ መኪናውን ወደ መሬት ይስባል፣ መታጠፊያ ላይ አይለቅም። በ1978 ማሪዮ አንድሬቲ በሎተስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። (የኛ ቀሚስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ምንም አይስብም፤ ለመልክ ነው፣ እንመን።) ከዚያ ለ1981 አዲስ ሕግ ወጣ፦ መኪናው ከመሬት 6 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ጎርደን መሪ የሚባለው የብራብሃም መሐንዲስ ምን አደረገ? ሲለካ 6 ሴንቲሜትር የሚቆም፣ ሲሮጥ ግን በአየሩ ጫና ዝቅ የሚል ሥርዓት ሠራ። ተቃዋሚዎቹ ጮኹ፣ ዳኞቹ ግን አሳለፉት፣ ሌሎቹም ቀዱት። በዚያ ዓመት ኔልሰን ፒኬ በዚያ መኪና ሻምፒዮን ሆነ።

አያችሁት? ያው ዘዴ ነው። ሲያዩህ ከፍ በል፣ ሲያልፉ ዝቅ በል። የሎስ አንጀለሱ ልጅ በ22 ዓመት ቀድሟል። ግን አንዱ ሊቅ ተባለ፣ ዋንጫ ወሰደ። የሌላው ሰፈር ልጆች ዱርዬ ተባሉ፣ ቅጣት ወሰዱ። የካሊፎርኒያው ሕግ የተነሣው በ2023 በተፈረመ አዋጅ ሲሆን፣ መሥራት የጀመረው በጃንዋሪ 2024 ነው። ቁጠሩ፦ 65 ዓመት ያህል። በ1958 የተቀጣ ልጅ ሕጉ ሲነሣ አያት ሆኗል።

አሁን ወደ ቤታችን። በኤፕሪል 2015 ሆሎን ውስጥ ዳማስ ፓካዳ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር፣ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ አየን። በጁን 30 ቀን 2019 ሰለሞን ተካ ቂርያት ሐይም ከሥራ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ፤ በአገሪቱ ሁሉ መንገድ ዘጋን። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ «ጠበቃ» የተባለው ድርጅት ከሌሎች ጋር ባቀረበው አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ፦ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ እግረኛን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ አይችልም። ትልቅ ፍርድ ነው።

ግን ልብ በሉ። ይሄ የሚሠራው በእግር ስትሄዱ ነው። መሪ ስትይዙ ፖሊስ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፣ ጥርጣሬ አያስፈልገውም። መኪናችሁ ዝቅ ያለች ከሆነች ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት በገዛ እጃችሁ ሰጣችሁት። በ1961ዱ የትራፊክ ደንብ መሠረት የመኪናን አሠራር ለመቀየር የፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን ማጽደቅ አለበት። ካልጸደቀ መኪናዋ ከመንገድ ልትወርድ ትችላለች።

ታዲያ «አታድርጉ» ልላችሁ ነው? አይደለም። ዝቅ ያለች መኪና ቆንጆ ናት፣ የአክስቴ ልጅ ሥራ ወጥቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው የሠራት። የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሞላ አታስቆርጡ። የተቆረጠ ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፣ አሞርዛተሩም ይመታል፤ ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ አለ። አስጸድቁት፣ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። አጊሬ ማብሪያ ነበረው፣ እኛ ወረቀት አለን። ፍትሕ ስለሆነ አይደለም፤ ለሚፈልግህ ሰው ሰበብ ላለመስጠት ነው። ይሄን ስናገር ደስ አይለኝም። ለሌላው ልጅ ቅጣት የሆነው ለኛ ልጅ ፋይል ሲከፈትበት ስላየን ነው የምናገረው።

ሁለተኛ፣ ባምፐሩን አትጥሉት። የተኛው ፖሊስ ቆዳ አያይም። ጂፕም ይምጣ፣ ሲቪክም ይምጣ፣ የሚለው አንድ ነው፦ «ልጆች ይሻገራሉ፣ ቀስ በል»። ከሁሉም የሚሰማው ደግሞ ዝቅ ያለችው መኪና ናት። ጂፑ ዘሎት ያልፋል፣ እሷ ግን ልታቆም ትደርሳለች። ስለዚህ እኛ ከተኛው ፖሊስ ጋር ጠብ የለንም። ጥያቄያችን ለነቃው ነው፦ የተኛው የሚችለውን አንተ ለምን አቃተህ?

እናቴ አሁንም ባምፐር ሲደርስ ሳትጠየቅ በሩን ትከፍታለች። ባለፈው ዓርብ ማዶ ቆማ ስትጠብቀን አንዲት ጎረቤት ምን ሆነሽ ነው አለቻት። «ልጆቹ መኪናቸውን እንዳይጎዱ ነው» አለቻት፣ ዳቦዋን እንዳቀፈች።

ቤታችሁ ውስጥ ተመሳሳይ ታሪክ ካለ ላኩልን። ሰንበት ሰላም፣ ሻባት ሻሎም፣ በባምፐር ላይ ቀስ በሉ።