የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውሃ አላስወጣ ሲል ምን ማድረግ ይገባል?

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ጋር በምትዋሰነው አፐር አርሊንግተን፣ በብዙ ቤቶች የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም ሆነ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥኑ የሚገኙት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ወለሉ ውሃ ከያዘ፣ ሁለቱንም ሳይነኩ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

ወለሉ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከበሮው ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ በመጀመሪያ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ውሃው ትኩስ ከሆነም እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የፍሳሽ ቱቦው ከታጠፈ ያቃኑት። ከፊት የሚከፈቱ ብዙ ማሽኖች ከግርጌያቸው ትንሽ ክዳን አላቸው፤ ዝቅ ያለ ሳህን ደቅነው፣ ከክዳኑ ጀርባ ያለውን ማጣሪያ ቀስ ብለው ይፍቱ። ብዙውን ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው ሳንቲም፣ ክር ወይም የሕፃን ካልሲ ነው። ማሽኑ የአከራይ ንብረት ከሆነ ግን አስቀድመው ያሳውቁ።

ማጣሪያው ጸድቶም ፓምፑ ካልሠራ፣ ወይም የመቃጠል ሽታ ካለ፣ ባለሙያ ሳያየው ማሽኑን ዳግም አያስነሱ።