ጎተራ የመሰለው አካል

የሰውነት ስብ ለረጅም ጊዜ እንደ ጎተራ ነበር የሚታየው፤ ከምግብ የተረፈው ይገባበታል፣ ረሃብ ሲመጣ ይወጣል፣ በመካከሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህን እምነት የናደው ሙከራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1935 በኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ሩዶልፍ ሾንሃይመርና ባልደረባው ዴቪድ ሪተንበርግ የተልባ ዘይትን በዲዩቴሪየም፣ ማለትም በከባድ ሃይድሮጅን፣ ምልክት አድርገው ለአይጦች መገቡ። አይጦቹ የበሉትን ወዲያው አቃጥለው ነባሩን ስብ ሳይነኩት ይቀራሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሆኖም ዘይቱ ክብደታቸውን ለመጠበቅ የማይበቃ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛው በቅድሚያ ስባቸው ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ውፍረት በማይጨምርበት ጊዜም አዲሱ እየገባ አሮጌው ይወጣል ማለት ነው።

ስብ በበዛበት ምግብ የተደረጉትን የኋላ ሙከራዎች ማንበብ የሚገባን ከዚህ ተነስተን ነው ብዬ አምናለሁ። መጠየቅ ያለበት ስቡ ምን ያህል ሞላ ሳይሆን ሥራው የቱ ላይ ተዛባ የሚለው ነው። አይጥ እንዲህ ያለውን ምግብ ለሳምንታት ሲመገብ የስብ ሕዋሶቹ ይተልቃሉ፤ ኢንሱሊን ስብ እንዳይለቁ ሊገታቸው ያቅተዋል፤ የተለቀቀው የስብ አሲድም ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይሄዳል። በ1993 ጎክሃን ሆታሚስሊጊል፣ ብሩስ ስፒገልማንና ባልደረቦቻቸው የወፍራም አይጦች ስብ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለ ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን እንደሚያመነጭ አሳዩ። በ1997 ደግሞ ይህ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ስብ በበዛበት ምግብ ቢወፍሩም ኢንሱሊን በተሻለ ሁኔታ ሲሠራላቸው ታየ። ጉዳቱን የሚያደርሰው የስቡ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚሰጠው ምግብ 60 በመቶ ካሎሪው ከስብ፣ በአብዛኛው ከአሳማ ስብ የሚመጣ ነው፤ እንዲህ የሚመገብ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ብዙም አያሳስበኝም፤ በሰው ላይ ዓመታት የሚፈጀውን በሳምንታት ለማየት የተመረጠ መንገድ ነውና። የሚያሳስበኝ ማነጻጸሪያው ነው። አንደኛው ወገን ከተጣራ ካዚን (የወተት ፕሮቲን)፣ ከስኳርና ከስብ የተቀመመ ምግብ ሲበላ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ፋይበር የሞላበት የእህል መኖ ይሰጠዋል። ያኔ ለውጡ ከስቡ ይምጣ ከፋይበሩ መጉደል መለየት ስለማይቻል፣ ውጤቱን ስለ ስብ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው። ሌላው ተቃውሞ ከሰው የመጣ ነው፦ በ1996 ቲኤንኤፍ አልፋን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ለስኳር ሕሙማን ተሰጥቶ የኢንሱሊናቸው አሠራር አልተሻሻለም። ይህም ቢሆን የአይጡን ግኝት አይሽረውም፤ በብግነት የሚሳተፉት፣ ማክሮፌጅ የተባሉት የመከላከያ ሕዋሶች በሰው ስብ ውስጥም ከክብደት ጋር እንደሚበዙ በ2003 ታይቷል። ብግነቱ የሰውም የአይጥም ነው፤ አንዱን ፕሮቲን ብቻ ማገድ ግን ለሰው አልበቃም።