«ከደንቡ የወጣው ደንቡን ያጸናል»፦ የአንድ እንግሊዝኛ አባባል ፍች

ወፍ ሁሉ ይበራል ያለ ሰው ሰጎን ሲጠቀስበት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆነ፣ «ከደንቡ የወጣው ደንቡን ያጸናል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። አባባሉ እንዲህ ሲወሰድ ስሕተት ነው፤ ሰጎን ያን ደንብ ታፈርሰዋለች እንጂ አታጸናውም። ሊያድኑት የሚሹ ሰዎች ታዲያ ግሱን ይይዛሉ፦ «ያጸናል» የተባለው ቃል በቀድሞው እንግሊዝኛ «ይፈትናል» ማለትም ነበርና፣ ነገሩ «ደንብ የሚፈተነው ከእርሱ በወጣው ነው» ለማለት ነው ይላሉ። ግሱ ያ ፍች እንደነበረው እውነት ነው። የአባባሉ ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል።

መንገዱ የሚጀምረው ከፍርድ አደባባይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ56 ሮማዊው ሲሴሮ፣ በዛሬዋ ካዲዝ ለተወለደውና የጦር መሪው ፖምፔዩስ የሰጠው የሮማ ዜግነት ሕጋዊ አይደለም ተብሎ ለተከሰሰው ለባልቡስ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። ሮማ ከአንዳንድ ሕዝቦች ጋር የገባችው ውል ሰዎቻቸው የሮማ ዜጋ እንዳይሆኑ በግልጽ ይከለክል ነበር። ሲሴሮ ይህንኑ ክልከላ ለደንበኛው አዋለው፦ ክልክል የሆነው ተለይቶ ስለተጻፈ ከሆነ፣ ባልተጻፈበት ቦታ የተፈቀደ መሆን አለበት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ይጠቅሱት የነበረው የላቲን ብሂልም «ተለይቶ የወጣው፣ ተለይተው ባልወጡት ጉዳዮች ላይ ደንቡን ያጸናል» የሚል ነበር። በዕለት ተዕለት ንግግር የተቆረጠው «ተለይተው ባልወጡት ጉዳዮች ላይ» የሚለው ሐረግ ነው፤ ፍቹም አብሮት ሄደ። «እሑድ መኪና ማቆም ይፈቀዳል» የሚል ሰሌዳ ያነበበ ሰው፣ በሌሎቹ ቀናት ክልክል መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ የቃል ፍች የሚወሰነው በተናጋሪው ልማድ ነው የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ፎውለርም እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት የአባባሉን ልዩ ልዩ ፍቾች ለይቶ አሳይቷል። ሆኖም ልማድ ቃልን ያጸድቅ እንደሆነ እንጂ የተበላሸ ሙግትን አያቃናም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ዝምታ ሁልጊዜ ፈቃድ ነውን? አይደለም። የሲሴሮ ሙግት የሚሠራው ደንቡን በጥንቃቄ የጻፈ ሰው አለ ብለን ስንነሣ ብቻ ነው። ሰጎንን ከበራሪዎች ለይቶ በአንቀጽ ያወጣ ደንብ አውጪ ግን የለም።

አማርኛ መተርጎሚያ ሲፈለግለትም «ይፈትናል» ከ«ያጸናል» ጋር ስለማይምታታ ተርጓሚው መምረጥ ግዴታው ነው። ምርጫው «ያጸናል» ይሁን፤ የተቆረጠው ሐረግ ግን ይመለስለት።