የቶም ካርትራይት ትከሻ

የሕግ ተማሪ ሳለሁ ካነበብኳቸው ፍርዶች አንዱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በ1960 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ፣ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን በዘ ሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ “በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም አላሳያችሁም” ተባሉ። ዋናው ጥያቄ ሳይነካ መዝገቡ ተዘጋ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ የፕሪቶሪያ መንግሥት በዓለም ፊት ያጋለጠው ነገር የተነሳው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከአንድ የእንግሊዝ ክሪኬት ተጫዋች ትከሻ ነበር። ሰውየው ቶም ካርትራይት ይባላል። እኛ ዘንድ ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ካርትራይት በ1935 ኮቨንትሪ አጠገብ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ17 ዓመቱ፣ በ1952፣ ለዋርዊክሻየር ካውንቲ መጫወት ጀመረ። ካውንቲ ማለት የእንግሊዝ የአስተዳደር ክፍል ነው፤ በዚያ ዘመን 17ቱ ካውንቲዎች ክረምቱን በሙሉ ሦስት ሦስት ቀን በሚፈጅ ግጥሚያ ይፋለሙ ነበር። ሲጀምር መቺ ነበር፤ ኋላ ግን ስም ያተረፈው በኳስ ወርዋሪነት ነው።

እንደ መብረቅ ከሚወረውሩት ወገን አልነበረም። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው። ጥበቡ ኳሷን በስፌቷ ላይ አሳርፎ፣ ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ጥሎ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንድታፈነግጥ ማድረግ ነበር። መቺው ትዕግሥቱ አልቆ ይሳሳታል። በ1964 ማንቸስተር ላይ አውስትራሊያ 656 ነጥብ ባስቆጠረችበት ጨዋታ ካርትራይት 77 ኦቨር ወረወረ፤ አንድ ኦቨር ስድስት ኳስ ነውና 462 ኳስ ማለት ነው። ከ77ቱ በ32ቱ አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። ቀን ሙሉ እንደሚያርስ ገበሬ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1962 በአንድ የውድድር ዘመን ከ1,000 በላይ ነጥብ አስቆጥሮ ከ100 በላይ መቺዎችን አስወጣ። በ1967 ያስወጣቸው 147 ደረሱ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ግን የተሰለፈው በአምስት ጨዋታ ብቻ ነው። በመጨረሻው፣ በ1965 ኖቲንግሃም ላይ፣ ስድስት የደቡብ አፍሪካ መቺዎችን አስወጥቶ በዚያው ጨዋታ አውራ ጣቱ ተሰበረ።

አሁን ወደ 1968 እንምጣ። ባዚል ዶሊቬራ የኬፕታውን ተወላጅ ነው። አፓርታይድ “ክልስ” ብሎ ስለመደበው በአገሩ ብሔራዊ ቡድን መጫወት ስላልተፈቀደለት በ1960 ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በ1966 ለእንግሊዝ ተሰለፈ። በነሐሴ 1968 ለንደን ላይ በአውስትራሊያ ላይ 158 ነጥብ አስቆጠረ። በቀናት ውስጥ ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዘው ቡድን ሲታወጅ ስሙ የለም! እንግሊዝ በቁጣ ተነሳች። መራጮቹ “በችሎታ ብቻ መረጥን” አሉ፤ ብዙ ሰው ግን አላመናቸውም።

ከተመረጡት መካከል ካርትራይት ነበረበት። ትከሻው ዓመቱን ሙሉ ሲያሰቃየው ከርሟል። መስከረም 16 ቀን “አልችልም” ብሎ ወጣ። በምትኩ ዶሊቬራ ተጠራ። በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር “ይህ የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች ቡድን ነው፤ አንቀበልም” የሚል መልእክት ያለው ንግግር አደረጉ። መስከረም 24 ጉዞው ተሰረዘ። በ1970 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ወደ እንግሊዝ የምታደርገው ጉዞ ቀረ፤ አገሪቱ እስከ 1991 ከዓለም አቀፍ ክሪኬት ተገለለች።

ታዲያ ካርትራይት የቀረው በትከሻው ነው ወይስ በኅሊናው? እኛ የሕግ ሰዎች ከድርጊቱ ጀርባ ያለውን ሐሳብ መፈለግ ልማዳችን ነው። ሰውየው ግራ ዘመም ነበር። ዶሊቬራ መቅረቱ ሲሰማ የደቡብ አፍሪካ ገዢ ፓርቲ አባላት ተነስተው ማጨብጨባቸውን ጋዜጣ ላይ አንብቦ እንደዘገነነው ኋላ ተናግሯል። ጉዳቱም እውነተኛ ነበር። በእኔ እምነት ሁለቱን መነጠል አያስፈልግም። ጀግና ነኝ አላለም፤ እኛም አስገድደን ጀግና አናድርገው። ነገር ግን የታመመ ትከሻውን በመርፌ አደንዝዞ መሄድ የሚችል ሰው ሳይሄድ ቢቀር፣ ያ መቅረት ራሱ ክብደት አለው።

ከዚያ በኋላም ሥራውን አልተወም። ከ1970 እስከ 1976 በሱመርሴት ሲጫወት ኢያን ቦታም የተባለ ጎረምሳ ኳስ ማጠፍን አስተማረ፤ ልጁ በኋላ የእንግሊዝ ታላቅ ተጫዋች ሆነ። በ1977 በግላሞርጋን ጨዋታ አበቃ፤ 1,536 መቺዎችን አስወጥቶ ለእያንዳንዳቸው በአማካይ 19.11 ነጥብ ብቻ ከፍሏል። ከዚያም ለረጅም ዓመታት የዌልስን ወጣቶች አሠለጠነ። በ2007 በ71 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ የሚጫወቱበት ዋንጫ በዶሊቬራ ስም ይጠራል፤ ይገባዋል። የካርትራይት ስም የትኛውም ዋንጫ ላይ የለም። በዘ ሄግ ሰባት ዳኞች ወንበር ላይ ተቀምጠው “አይመለከታችሁም” ያሉትን ጉዳይ አንድ የታመመ ወርዋሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ የዓለም አጀንዳ አደረገው። “አልሄድም” የምትለዋ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃታል።