ቻርሊ ቻፕሊንና የኢጣሊያው አምባገነን

ባለፈው ክረምት በገርጂ ሠፈር ከአንድ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን በሄድን ጊዜ፥ የቤቱ ልጆች በቴሌቪዥን አንድ የቆየ ፊልም ሲያዩ አገኘናቸው። ፊልሙ ቀለም የለውም፥ ጥቁርና ነጭ ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛውን አጥርተው ባይሰሙትም ሆዳቸውን ይዘው ይሥቃሉ። ከመካከላችን ያልሣቁት አንድ አዛውንት ብቻ ነበሩ። እኒህ ሰው ገና በእናታቸው ጀርባ ላይ ሳሉ አባታቸውን በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ያጡ ናቸው። ከፊልሙ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ፥ አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ የሚንጎራደደውን ወፍራም ሰው ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩና፥ «ይህ ሰውዬ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ለጥያቄያቸው ተገቢውን መልስ ለመስጠት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል። (የውጭውን አገር ዘመን በፈረንጆች፥ የአገራችንን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጠናል።)

ፊልሙን የደረሰውም፥ ያዘጋጀውም፥ ዋናውን ቦታ ይዞ የተጫወተውም እንግሊዛዊው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። በ1889 በሚያዝያ ወር ተወለደ፤ አዶልፍ ሂትለር የተወለደው ከእርሱ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው። አባትና እናቱ በሎንዶን የሕዝብ መድረኮች ላይ ይዘፍኑ ነበር። ነገር ግን ተለያዩ፤ እናቲቱም አእምሮዋ ታመመ። ሕፃኑ ቻርሊ ከወንድሙ ከሲድኒ ጋር በድኾች መጠጊያ ቤት እስከ መግባት ደረሰ። በኋላ ዘመን በፊልሞቹ ውስጥ ረኃብን ያን ያህል አሳምሮ ማሳየት የቻለው፥ ከሰው ሰምቶ ሳይሆን ራሱ ቀምሶት ስለ ነበረ ነው።

በ1908 ከፍሬድ ካርኖ የቧልት ጓድ ገባ፤ ከጓዱም ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም የኪስቶን ፊልም ኩባንያ አይቶት በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው። በ1914 በየካቲት ወር ያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መልክ በአደባባይ ታየ፤ ሰፊ ሱሪ፥ ጠባብ ኮት፥ ትንሽ ክብ ባርኔጣ፥ ከእግር የሚበልጥ ጫማ፥ ቀጭን ከዘራ፥ ከአፍንጫ በታችም ጥፍር የምታህል ጢም። ይህ ሰው ቤት የለውም፥ ሥራ የለውም፥ ነገር ግን እንደ ትልቅ ጌታ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣል። ሣቁም እንባውም የሚመጣው ከዚህ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ደመወዙ በሳምንት 10,000 ዶላር ሆነ። በ1919 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የራሱን የፊልም ኩባንያ አቋቋመ። ከዚህ በኋላ በምን ላይ ገንዘቡን እንደሚያወጣ የሚነግረው አለቃ አልነበረውም፤ ይህ ነገር ቆይቶ ጠቅሞታል።

በ1921 «ሕፃኑ»፥ በ1925 «የወርቅ ጥድፊያ»፥ በ1931 «የከተማ መብራቶች» ወጡ። ከ1927 ወዲህ ፊልም ሁሉ መናገር ጀምሮ ሳለ እርሱ ዝም እንዳለ ቆየ። የእኛ አለቃ ገብረ ሐና በቃል ያሥቁ ነበር፤ ቃላቸውም ከአማርኛ ወጥቶ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲገባ ጨው እንደሌለው ወጥ ይሆናል። የቻፕሊን ዝምታ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም ነበር፤ የገርጂ ልጆችም ምስክሮቻችን ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ እንወዳለን። «ዘመናዊ ጊዜያት» የተባለው ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በኒውዮርክ የታየው በጥር 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ልክ በሦስተኛው ወር፥ በሚያዝያ 27 ቀን፥ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። የዓለም ሕዝብ መኪና ሠራተኛውን ሲውጠው እያየ በሚሥቅበት ወራት፥ በእኛ ተራሮች ላይ አውሮፕላን መርዝ ይረጭ ነበር። በሰኔ 23 ቀንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ ከመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ መርዝ በዝርዝር ተናገሩ፤ የኢጣሊያ ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። መንግሥታቱ ሰሙ፥ ሰምተውም ዝም አሉ። እንግሊዝም በ1938 የኢጣሊያን ድል አድራጊነት አጸደቀች።

ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልም ለመሥራት የተነሣው በዚህ ዘመን ነው። የእንግሊዝ መንግሥት አምባገነኖቹን እንዳያስቆጣ ብሎ ፊልሙ በአገሩ እንዳይታይ እከለክላለሁ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እርሱ ግን ወጪውን ከራሱ ኪስ ከፍሎ ሠራው። ፊልሙ በጥቅምት 5 ቀን 1933 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሲታይ ንጉሠ ነገሥቱ በካርቱም ሆነው ወደ አገራቸው ለመግባት ይዘጋጁ ነበር፤ በጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገቡ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ።

በፊልሙ ውስጥ ቻፕሊን ሂትለርንም፥ ሂትለርን የሚመስል አንድ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይም ሆኖ ይጫወታል። ያ አገጩን የሰቀለው ወፍራም ሰው ደግሞ «ናፓሎኒ» ይባላል፤ ጃክ ኦኪ የተባለ አሜሪካዊ የተጫወተው ሙሶሊኒ ነው። ሁለቱ አምባገነኖች በፀጉር አስተካካይ ወንበር ተቀምጠው፥ አንዱ ከአንዱ ከፍ ለማለት ወንበራቸውን ሽቅብ ያስነሣሉ። በግብዣ ላይም ሲጨቃጨቁ ሳያስተውሉ ሰናፍጭ ይጎርሱና፥ አፋቸው ተቃጥሎ ሁለቱም መናገር ይሳናቸዋል። ኢጣሊያ በእኛ ላይ ያዘነመችውን መርዝ ፈረንጆች ከሽታው የተነሣ በሰናፍጭ ስም እንደሚጠሩት ስናስታውስ፥ ይህች ጨዋታ ለእኛ ሌላ ጣዕም አላት። ቻፕሊን ይህን አስቦ እንዳላደረገው እንገምታለን።

ነገር ግን ቅሬታችንን አንሸሽግም። ናፓሎኒ ጉረኛ፥ ጯሂ፥ የሚወደድም ሰው ሆኖ ቀርቧል፤ የካቲት 12ን ያላወቀ ሰው ቢያየው ክፉ አይለውም። ስለ ኢትዮጵያ ደምም ፊልሙ አያነሣም። ቻፕሊን በ1964 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ፥ በጀርመን የእስረኞች ሠፈሮች የሚደረገውን ግፍ አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ፊልም መሥራት ባልቻለ እንደ ነበር ጽፏል። የጀርመኑ ግፍ በዚያን ጊዜ ገና ያልተገለጠ ነበር እንበል። የእኛው ግን አራት ዓመት አስቀድሞ በጄኔቭ በአደባባይ ተነግሮ ነበር። ሆኖም መንግሥታት ሁሉ ሙሶሊኒን እጅ ሲነሡ በኖሩበት ዘመን የዓለም መሣቂያ ያደረገው ይህ ቧልተኛ መሆኑን መካድ አይቻልም።

የቀረውን ባጭሩ እንለፈው። በ1952 አሜሪካ በፖለቲካ ጠርጥራ እንዳይመለስ በሩን ስለ ዘጋችበት በስዊስ አገር ተቀመጠ። በ1972 ተጠርቶ የክብር ኦስካር ተሸለመ፤ በ1977 በፈረንጆች የልደት ቀን ዐረፈ። በኢጣሊያ ግን «ታላቁ አምባገነን» ሳይቆረጥ የታየው በ2002 ነው ይባላል፤ የናፓሎኒ ሚስት ያለችበት ክፍል ለሙሶሊኒ መበለት ክብር ሲባል ወጥቶ ቆይቶ ነበርና።

የገርጂው አዛውንት ወፍራሙ ሰው ማን እንደ ሆነ በነገርናቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ። ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ልጆቹ ዞሩና፥ «እስቲ ያችን የሰናፍጯን ነገር መልሷት» አሉ።